አስቸኳይ፦ መለያቸው የረገፈ አምስት የክር መሳሪያዎች፣ ዝርዝሩ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል

ማኅደር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ። ዕቃው ሲጓጓዝ መለያው ሁሉ ረግፎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ተደበላልቆ ነው የደረሰን። ዝርዝሩ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፤ ለእያንዳንዱ መሳሪያ የሆርንቦስቴልና ዛክስ (የሙዚቃ መሳሪያዎች መመደቢያ ሥርዓት) ቁጥር ይፈለጋል። ያሉን አንድ በገና፣ ሁለት ክራር (አንዱ ገበቴው፣ ማለት ድምፅ የሚያጎላው ሆዱ፣ ክብ፣ ሌላው አራት ማዕዘን)፣ አንድ ማሲንቆ፣ እና አንድ አንገቱ ከሆዱ የተላቀቀ፣ ጀርባው የሚያብጥ፣ 11 መቃኛ ያለው መሳሪያ ናቸው። የመጨረሻው ክር የለውም። የድሮው መዝገብ በአንድ ገጽ «ሉት»፣ በሌላ ገጽ «ዑድ» ይላል (ሉት የአውሮፓ፣ ዑድ የዓረብ፣ መልካቸው የሚመሳሰል)፤ መሳሪያው ግን አንድ ብቻ ነው። በገናው ደግሞ በ322 ተመዝግቧል። የቱን ልጻፍ? አንገቱንስ ዛሬ ማታ ላጣብቀው?

ባለሙጫ፦
እህቴ፣ አንገቱን አታጣብቂ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያያዘው በትኩስ የእንስሳ ሙጫ ነው፤ እሱ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ ነገ ሌላ ሰው ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል። ነጩ የእንጨት ሙጫና ሱፐር ግሉ ግን እንጨቱ ውስጥ ሰርገው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ሙጫ አይዝበትም። የተላቀቀው ፊት ላይ የደረቀ ሙጫ ካየሽም አትፋቂው፣ ስለ አሠራሩ የሚናገረው እሱ ነው። አንገቱንና ሆዱን ለየብቻ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። መለያውን በጥጥ ክር እሰሪው። ፕላስተር ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ሲነሳ የቆዳውን ፊት ይዞ ይነሳል። መቃኛ ላይም አትሰሪ፣ መቃኛው ሲወልቅ መለያው አብሮ ይሄዳል።

መምህሩ፦
ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት ሥርዓቱን ተረጂው። ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተሙት ነው። 3 የክር መሳሪያ ማለት ነው። 31 ክር ተሸካሚው ብቻውን የሚቆምበት ሲሆን ገበቴ ቢኖረውም ሳይፈርስ ሊነሳ ይችላል። 32 ግን ተሸካሚውና ገበቴው አንድ ላይ የተገጠሙበት ነው፤ ሳይፈርስ አይለያይም። ያንቺዎቹ አምስቱም 32 ናቸው። በ32 ውስጥ ደግሞ የክሮቹን አቀማመጥ እይ። ክሮቹ የተዘረጉበት ንጣፍ ከገበቴው ፊት ጋር ትይዩ ከሆነ 321፣ በገበቴው ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ 322፣ ማለትም ሃርፕ። የበገና ክሮች ከቀንበሩ (ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት) ወርደው በበርኩማው (በክሮቹ ድልድይ) ላይ ያልፋሉ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። ስለዚህ 322 ስህተት ነው። 321 በሥርዓቱ ውስጥ በጥቅሉ የሉት ቤት ይባላል፤ ጊታርም ቫዮሊንም እዚያው ናቸው። ሁለት ክንድና ቀንበር ያለው 321.2፣ አንገት ወይም እጀታ ያለው 321.3 ይሆናል።

ቀንበር፦
መምህሩ እንዳሉት፣ በገና 321.2 ነው። 322ን ሰርዢው።

ጠቅላላ_ዕውቀት፦
11 መቃኛ ካለው ዑድ ነው፣ አለቀ። ማሲንቆው ግን በደጋን ስለሚመታ ከሉት ቤት አይገባም፣ ከዝርዝሩ አውጪው።

ክር_ቆጣሪ፦
ሁለቱም ልክ አይደሉም። ደጋን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤት አይቀይርም፣ ከቁጥሩ በኋላ ቅጥያ ሆኖ ብቻ ይጨመራል። የማሲንቆው እጀታ ሳጥኑን ዘልቆ በታች ይወጣል፣ ሳጥኑም ከጣውላ የተገጠመ ነው፤ ቁጥሩ 321.312-71 ነው። 71 ማለት በደጋን።
11 መቃኛም ዑድን ከሉት አይለይም። ዑድ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ ክር አለው፣ 11። እ.ኤ.አ. በ1500 አካባቢ የተለመደው ባለ ስድስት ተራ የአውሮፓ ሉትም አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ አለው፣ እሱም 11። ልዩነቱ ነጠላው ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ በሉት ቀጭኑ የመጀመሪያ ክር ነጠላ ነው፣ በዑድ ግን ወፍራሙ። መሳሪያውን ፊቱን ወደ አንቺ አድርገሽ፣ የአንገቱ ጎን ወደ ላይ ሆኖ አቁሚው። ሆዱ ላይ በተለጠፈው ድልድይ ያሉትን ቀዳዳዎች እይ። ነጠላው ቀዳዳ በቀኝ ከሆነ ወደ ሉት፣ በግራ ከሆነ ወደ ዑድ ያደላል።

ወሎዬው፦
ማሲንቆውን ለአንድ አዝማሪ ስጪው፣ ቁጥሩን በግጥም ይነግርሻል!

የገጠር_ልጅ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። በገናና ክራር በአንድ ቤት ተቀምጠው በነጥብና በቁጥር ሲለያዩ ያነበበ ጎብኚ ምን ይረዳል? በገና የጸሎትና የንስሐ መሳሪያ ነው፣ ክራር የዘፈን። የበገናን ድምፅ የሚያነዝረው በክሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ ነው፤ ያቺ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ከሌለች በገናው በገና አይመስልም። ቁጥሩ ስለ እንዚራ አንድ ቃል አይልም። የክር፣ የትንፋሽ፣ የምት ብለን ስንከፍል ኖረናል፤ እሱ ይበቃ ነበር።

ክር_ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ስለ እንዚራው ልክ ነህ፣ የሚጻፈው ግን መግለጫው ላይ ነው። ቁጥሩ ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ አገልግሎት አይናገርም። ማኅደር፣ እንዚራዎቹ በሳጥኑ ውስጥ ወድቀው ከሆነ ፈልጊያቸው፤ ለ10 ክር 10 መሆን አለባቸው። እንደ ቆሻሻ ተጠርገው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

ባለሙጫ፦
በገናው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ321.2 ውስጥ 321.21 የተቦረቦረ ወይም የተፈጥሮ ሳህን ገበቴ ያለው፣ 321.22 ከጣውላ የተገጠመ ሳጥን ያለው ነው። በገናን አብዛኛው ጽሑፍ 321.22 ይለዋል። ሆኖም ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ገበቴ ያለው በገና አለ፣ በትርጉሙ ቃል ከሄድን እሱ ወደ 321.21 ይጠጋል።

መምህሩ፦
አልስማማም። የበገና ገበቴ ማዕዘን ያለውና ጠፍጣፋ ግድግዳ ያለው ነው፣ ቅርጹ ሳጥን ነው።

ባለሙጫ፦
የተጻፈው ትርጉም ስለ አሠራር ነው የሚናገረው፣ ስለ ማዕዘን አይደለም። ማረጋገጡም ቀላል ነው። የስልክ መብራት ወደ ማዕዘኑ በጎን አብሪ። የእንጨቱ ጅማት ሳይቋረጥ ማዕዘኑን ዞሮ ከሄደ ተቦርቡሯል፤ ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ መሳይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ችንካር ወይም ሙጫ ካለ ተገጥሟል። ቆዳውን አትግለጪ፣ ከጎንና ከጀርባ ይታያል። አራት ማዕዘኑን ክራርም እንዲሁ መርምሪው፤ ከጣውላ የተገጠመ ከሆነ 321.22፣ ክቡ 321.21። ሁለቱም ክራር ሆነው ቁጥራቸው ቢለያይ አትደንግጪ።

ቀንበር፦
322ን ግን ሰርዢው፣ በድጋሚ።

ማኅደር (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድልድዩ ላይ 11 ቀዳዳ አለ፣ ነጠላው በግራ ነው። ሆዱ ላይ ሦስት ክብ ቀዳዳ አለ፣ አንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ። ግን በመዝገቡ «ሉት» የሚለው ቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ፈራሁ።

ክር_ቆጣሪ፦
መዝገቡን እርሺው፣ እንጨቱን እመኚ። አንዳንድ የቆዩ የዓረብ ዑዶች ላይ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ በኩል ስለሚታሰር ነጠላው ቀዳዳ ብቻውን አይበቃም ነበር። ያንቺው ግን ሦስት ቀዳዳም አለው፣ ይህም የዑድ ልማድ ነው። ሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ አለው፣ የቀዳዳው ጌጥም ከፊት ጣውላው ራሱ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ በዑድ ለብቻው ተሠርቶ ይገጠማል። ሁለት ነገር ደግሞ እይ። በድልድዩና በትልቁ ቀዳዳ መካከል ከመግረፊያ ጭረት የሚከላከል ቀጭን ንጣፍ ወይም የነበረበት የሙጫ ጥላ ካለ ዑድነቱን ያጠናክራል። በተላቀቀው አንገት ጠርዝ ላይ ደግሞ የአንጀት ፍሬት (ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለይ ማሰሪያ) የታሰረበት የተፈገፈገ መስመር ካለ ሉት ነው፣ ዑድ ፍሬት የለውም።
ለነገ ጠዋት ግን የሚያስጨንቅሽ ነገር የለም። ዑድም ሉትም አንገት ያላቸውና ጀርባቸው ሳህን ስለሆነ ሁለቱም 321.321 ናቸው። የሚለያቸው ቅጥያው ብቻ ነው፤ በመግረፊያ የሚመታ ዑድ -6፣ በጣት የሚመታው የ1500ዎቹ ሉት -5። ስለዚህ 321.321 ብለሽ አሳትሚ፣ ቅጥያውን አንገቱን ካየሽ በኋላ ጨምሪ።

ድርድር፦
ለክራሩም ቅጥያ አለው። ድርድር (በጣት) ከሆነ -5፣ ግርፍ (በመግረፊያ) ከሆነ -6። በገናውም በጣት -5፣ በድሕንጻ (በበገና መግረፊያ) -6። አጨዋወቱ ካልታወቀ ቅጥያውን ባዶ ተዪው፤ የተሳሳተ ቅጥያ ከባዶ ይከፋል።

ባለሙጫ፦
ማኅደር፣ የበገናው ማዕዘን ምን አሳየሽ? ጅማቱ ዞሮ ይሄዳል ወይስ መስመር አለ? ፎቶውን ብርሃን በጎን አድርገሽ አንሺው፤ ፊት ለፊት ያበራ ፍላሽ መጋጠሚያውን ያጠፋዋል።