የዋንዛ ቡፌ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም እየተላጠ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የጎፋዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቡፌው የዋንዛ ነው፤ ርዝመቱ 150፣ ቁመቱ 80፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ሦስት መሳቢያ፣ ከታች ሁለት በር አለው፤ ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው። ድሮ ቫርኒሽ ነበር፤ አምና በላዩ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። አሁን መያዣዎቹ አካባቢ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው። በሮቹ ላይ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ደግመው ቢቀቡትም ይመለሳል። ጥቁር አረንጓዴ ቀብቼ መሳቢያዎቹ ላይ እንደ ቀሚስ ጥለት ያለ ጌጥ ላወጣበት አስቤያለሁ። የድሮውን ሁሉ ማንሳት የግድ ነው? ስንት ሊትር ይበቃል?

መጋዝና ብሩሽ
እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው የገጠመሽ። የሚላጠው ፕላስቲክ ቀለም የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ላይ የሚይዝበት ስለሌለው ነው፤ መያዣው ጋ የሚብሰው የእጅ ወዝና የወጥ ቤት ቅባት ስላለ ነው። ቡናማው ግን ከሥር ነው የሚመጣው። ከቫርኒሹ በፊት እንጨቱን ለማጥቆር የገባው ማቅለሚያ በውሃ ይሟሟል፤ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ እየሳበ ያወጣዋል። አሥር ጊዜ ብትቀቢ አሥር ጊዜ ይወጣል።

ስለዚህ ነጩ ሁሉ ይነሳ፤ ቫርኒሹ ግን ጠንካራ ከሆነ ይቆይ። መያዣና ማጠፊያውን ፍቺና የየበሩን ብሎን ለየብቻ ፌስታል ውስጥ አስቀምጪ። ጨርቅ አልኮል ነክረሽ ነጩ ላይ አምስት ደቂቃ ብታስተኚው ይለሰልሳል፤ በማይስል መፋቂያ እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ከዚያ አንድ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ እጠቢ፣ በንጹሕ ውሃ ድገሚ፣ አንድ ቀን ይድረቅ። ሳታጥቢ ብርጭቆ ወረቀት ካነሳሽ ቅባቱን እንጨቱ ውስጥ እየፈተግሽ ማስገባት ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከደረቀ በኋላ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጊ፣ ቀጥሎ በ180፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ።

ለቡናማው መድኃኒቱ ጎማላካ ነው፤ በአልኮል ተሟሙቶ የሚቀባ የተፈጥሮ ሙጫ ማለት ነው። 100 ግራሙን በግማሽ ሊትር አልኮል አሳድሪና በጨርቅ አጥልዪው። ሁለት ጊዜ ቀቢ፣ በመካከል አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን አትንኪው፤ እርጥበት ይዞ ይነጣል። ሲደርቅ በ320 ቁጥር ዳበስ አድርጊና ዘይት ቀለሙን ከ5 እስከ 10 በመቶ በአኳራጃ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥነሽ ሁለት ጊዜ ቀቢ፣ በመካከል 24 ሰዓት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ፊቱ፣ ሁለቱ ጎንና ላዩ ተደምሮ ወደ 2.6 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ዘይት ቀለም ከ10 እስከ 12 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት ዙር ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ የበሮቹን ጠርዝና ብክነቱን ጨምረሽ አንድ ሊትር ግዢ። ሻጩ ጋሎን ልስጥሽ ቢል እሺ አትበዪ።

ዋንዛ ይከበር
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ላዩን በቀለም መድፈን ግፍ ነው። ጀበናና ስኒ የሚቀመጥበት ቦታ ቀለም ቶሎ ይጫጫራል፤ የዋንዛ መልክ ደግሞ ከአረንጓዴ ጋር ሲታይ ያምራል። ላዩን እስከ እንጨቱ ፍቂው፦ 80፣ 120፣ 180። ከዚያ ሦስት ዙር ቫርኒሽ፤ የመጀመሪያው ዙር ሩቡ አኳራጃ ይሁን፣ እንዲሰርግ። የምግብ ዘይት ቀቢው የሚሉሽን አትስሚ፤ አይደርቅም፣ አቧራ እየሰበሰበ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፣ ግን የተጠራረገበትን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ ላይ እንዳትጥዪ፤ በራሱ ግሎ እሳት ይነሳል። ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይም ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

ሌላም ልጨምር። ቫርኒሹ ሲፋቅ ከሥሩ የቆየ ዘይት ቀለም ከወጣ በደረቁ አትፈትጊ። እዚህ አገር በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ አቧራው ለሕፃናት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት እያረጠብሽ ተጠቀሚ፣ ልጆችን አርቂ።

ጥለት በሊትር
እኔ ስለ ጌጡ ልናገር። ሦስቱ መሳቢያዎች እያንዳንዳቸው ወደ 48 ሴንቲ የሚደርሱ ይመስለኛል። አንዱን ቅርጽ 6 ሴንቲ ብታደርጊው ስምንት ጊዜ በትክክል ይገባል። 47 ከሆነ ሰባት አድርጊና ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲ ባዶ ተዪ፤ ቅርጽ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ከሚቀር ባዶ ይሻላል። ሁልጊዜ ከመሳቢያው እምብርት ጀምረሽ ወደ ዳር ሂጂ።

ለቅርጽ ማውጫ የድሮ የራጅ ፊልም የሚያህል የለም፤ በምላጭ ይቆረጣል፣ ታጥቦ ይደገማል። የመሠረቱ ቀለም ከተቀባ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ ብቻ ፕላስተር ለጥፊበት፤ አለዚያ አረንጓዴውን ይዞ ይነሳል። ቀለሙን በስፖንጅ ጥቂት ንኪ፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርገሽ ትርፉን አስለቅቂ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገሽ ከላይ ምቺ። ከገፋሽው ፊልሙ ሥር ይገባና ጠርዙ ይፈሳል። አንድ ቅርጽ በሁለት ስስ ዙር እንጂ በአንድ ወፍራም አይሆንም። ነጭና ወርቃማ ከተጠቀምሽ በላዩ የዘይት ቫርኒሽ አትቀቢ፤ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል።

የጎፋዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ላዩን ሳልቀባ እተወዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጀርባው ኮምፔንሳቶ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ነቁጥ አለ። መሳቢያዎቹም ሲሳቡ ይጮኻሉ።

መጋዝና ብሩሽ
ከቀዳዳው ሥር ጥቁር ወረቀት ለአንድ ሳምንት አንጥፊ። አዲስ ዱቄት ከወረደ እንጨት የሚበላ ነፍሳት አለ ማለት ነው፤ ኮምፔንሳቶውን አውጥተሽ ጣዪና በ4 ሚሊ ሜትር ቀይሪው፣ ዋንዛውንም ጠርዝ ጠርዙን ተመልከቺ። ካልወረደ የቆየ ነው፣ በስቱኮ (የእንጨት ቀዳዳ መድፈኛ) ድፈኚው።

መሳቢያው የሚንሸራተትበትን እንጨት ቀለም አታስነኪው፤ አንድ ስስ ዙር እንኳ ያጣብቀዋል። ጧፍ ወይም ሻማ እሺበት፣ ጩኸቱ ይቆማል። ግን የቀለሙ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይዝም።