ስለ ሰር ጆርጅ ግሬይ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ የታሪክ አሳይመንት ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ሰውዬው የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ የነበረው ሰር ጆርጅ ግሬይ ነው፣ በፈረንጆች 1812 ሊዝበን ተወልዶ ገና በ29 አመቱ የሳውዝ አውስትራሊያ ገዥ የሆነ፣ ከዛ ኒውዚላንድ፣ ከዛ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ኮሎኒ፣ በ1861 ደሞ ተመልሶ ኒውዚላንድ፣ በኋላ እዛው ተመርጦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁሉ ሆኗል። እስከዚህ ቀላል ነው።

የከበደኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ሰው የማኦሪዎችን (የኒውዚላንድ ነባር ህዝቦች ናቸው) ቋንቋ ተምሮ አፈታሪካቸውንና ዘፈናቸውን ሰብስቦ ያሳተመ ነው፣ ግን ያው ሰው በሐምሌ 1863 ዋይካቶ በሚባለው የማኦሪዎች አካባቢ ላይ ጦር አዘመተ፣ ከዛ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ተወረሰባቸው። ያንን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ተረታቸውን የነገሩት ሰዎች እኮ ናቸው!

እና እንዴት ላደራጀው? በየአመቱ ቅደም ተከተል ብሄድ ይሄ ነገር ይጠፋብኛል፣ ከ1863 ጀምሬ ወደ ኋላ ብመለስስ? ደሞ ቋንቋውን የተማረው ለመግዛት እንዲመቸው ነው ወይስ ከልቡ ወዶት፣ የትኛውን ይዤ ልከራከር? ሀሳብ ያላችሁ በናታችሁ ፃፉልኝ፣ ማስረከቢያው አርብ ነው።