ላስ ቬጋስ ኤርፖርት መኪና መከራየት፦ ካርድ፣ ኢንሹራንስ እና የጁላይ ሙቀት

ጥያቄ | ተጓዥ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ አጋማሽ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (4 እና 9 ዓመታቸው ነው) ላስ ቬጋስ እንሄዳለን። ሁለት ቀን ስትሪፕ (ትልልቆቹ ሆቴሎች ያሉበት ጎዳና) ላይ እናርፍና ሁቨር ግድብንና ዴዝ ቫሊ የሚባለውን የበረሃ ፓርክ አይተን፣ በአይ-15 አውራ ጎዳና ሎስ አንጀለስ ደርሰን እንመለሳለን። መኪናውን ከኤርፖርት ነው ወይስ ከከተማ ብንከራይ የሚሻለው? ክሬዲት ካርድ የለኝም፤ በዴቢት ይሰጡናል? መጀመሪያ የሚታየው ዋጋና መጨረሻ የሚከፈለው ለምን ይህን ያህል ይራራቃል? ካውንተር ላይ ውሰዱ የሚሉትን ኢንሹራንስስ እንውሰድ? በዚያ ሙቀት መኪና ስንረከብ ምን ምኑን እንይ?

መልስ | የኪራይ ነገር

እህቴ፣ መጀመሪያ ቦታውን ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚያ ላይ ነው። መኪኖቹ ያሉት ሃሪ ሪድ ኤርፖርት ውስጥ ሳይሆን 3 ማይል ያህል ወጣ ብሎ ጊሌስፒ ጎዳና ላይ፣ ሬንት-አ-ካር ሴንተር የሚባለው አንድ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። ነጻ አውቶቡስ አለ። ተርሚናል 1 ከወረዳችሁ አንደኛ ፎቅ በር 10 እና 11 ጋ፣ ተርሚናል 3 ከወረዳችሁ ደግሞ ዜሮ ፎቅ ከበር 51 እስከ 58 ባሉት በሮች ወጥታችሁ ትጠብቃላችሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ሰዓት የሚበላው የካውንተሩ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የድርጅቱን ነጻ የአባልነት ፕሮግራም ተመዝገቡ። አባል የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ካውንተሩን አልፎ በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ይሄዳል። ዋጋቸው በጣም ዝቅ ያሉ አንዳንድ ድርጅቶች ሕንጻው ውስጥ የሉም፤ እዚያ ከወረዳችሁ በኋላ የእነሱን ሁለተኛ አውቶቡስ መጠበቅ አለባችሁ። ከመክፈልሽ በፊት አድራሻውን እዪ።

ዋጋው ለምን ይዘላል ላልሽው፦ ኔቫዳ ከኪራዩ ላይ 10 ከመቶ የመንግሥት አገልግሎት ታክስ ታስከፍላለች፤ ክላርክ ካውንቲ 2 ከመቶ ይጨምራል፤ ሴልስ ታክስም አለ። እነዚህን ከተማ ውስጥ ብትከራዪም አታመልጫቸውም። ኤርፖርቱ ላይ የሚጨመሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ድርጅቱ ለኤርፖርቱ የሚከፍለውን ድርሻ ወደ ደንበኛው የሚያዞርበት ክፍያ፣ ሌላው በየቀኑ የሚታሰብ የሕንጻው ክፍያ። የከተማ ቅርንጫፍ የሚያተርፍሽ እነዚህን ሁለቱን ነው። ለአንድ ሳምንት ኪራይ ልዩነቱ ይታያል። ለሁለት ቀን ከሆነ ግን የታክሲው ይበልጠዋል፤ የከተማ ቅርንጫፎች ደግሞ አመሻሽ ላይ ይዘጋሉ።

ዴቢት ካርድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤርፖርት ላይ በዴቢት የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬት ስታሳዪ ነው። አንዳንዶቹ ክሬዲት (የብድር ታሪክሽን) ይመረምራሉ፤ ትልልቅና ውድ መኪኖችን ደግሞ በዴቢት አይሰጡም። ከኪራዩ ሌላ መያዣ ይቆርጣሉ፤ መኪናውን ከመለስሽ በኋላም ገንዘቡ ወደ አካውንትሽ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል፣ ባንኩ ከዘገየ ከሳምንት በላይ። የሆቴልና የምግብ ገንዘባችሁ እዚያው አካውንት ላይ ካለ ጉዞው መሀል ላይ ትቸገራላችሁ፤ ለመያዣው የሚሆን ለብቻው አስቀምጡ። ካርዱ ላይ ያለው ስም የዋናው ሹፌር ስም መሆን አለበት። ባለቤትሽ የሚነዳ ከሆነ ካርዱም በእሱ ስም ይሁን። ፕሪፔይድ ካርድና በስልክ የተነሳ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አይቀበሏችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የኪራይ ቀን የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት ተረክባችሁ በመመለሻው ቀን ቀትር ላይ ብትመልሱ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ሙሉ ቀን ይታሰባል።

መልስ | ሰነድ አንባቢ

ከላይ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን የስትሪፕ ቀናት ያለ መኪና እንድታሳልፉ እመክራለሁ። አብዛኞቹ የስትሪፕ ሆቴሎች ፓርኪንግ ያስከፍላሉ። መኪና ቆሞ እየዋለ ኪራይም ፓርኪንግም መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተከራዩ። ያኔ የከተማ ቅርንጫፍ ያዋጣል፤ አንዳንድ ሆቴሎች ውስጥም የኪራይ ዴስክ አለ።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ኮሊዥንና ኮምፕርሄንሲቭ (የግጭትን እንዲሁም የስርቆትንና የመሳሰለውን ጉዳት የሚሸፍኑት) ካላችሁ ለኪራይ መኪና ይሠራል? ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ስንት ነው? መኪናው ጋራዥ በቆመባቸው ቀናት ድርጅቱ ያጣውን ገቢ ይሸፍናል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ አንዳንድ ፖሊሲ ግን ያንን አይከፍልም፣ ድርጅቱ ደግሞ ይጠይቃችኋል። ያላችሁ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ በተከራያችሁት መኪና ላይ የሚደርስ ጉዳት ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ ነው፤ ያኔ ካውንተሩ ላይ የሚሸጡትን ሲዲደብሊው (መኪናው ቢጎዳ ድርጅቱ እናንተን እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ውል) ውሰዱ። ክሬዲት ካርዶች የሚሰጡት ሽፋን በዴቢት ለከፈለ ሰው አይሠራም፤ እሱን አትቁጠሩት። የራሳችሁ መኪና ጨርሶ ከሌላችሁ ተጨማሪውን ላያቢሊቲም ውሰዱ። ኔቫዳ የምታስገድደው ዝቅተኛ መጠን 25,000 ዶላር ለአንድ ሰው ጉዳት፣ 50,000 ለአንድ አደጋ፣ 20,000 ለንብረት ነው፤ አንድ አዲስ ፒክአፕ ብትገጩ ያ 20,000 አይበቃም።

ሲዲደብሊው ብትገዙም የሚያፈርሱት ነገሮች አሉ፦ ውሉ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው መንዳት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ አስፋልት ያልሆነ መንገድ መግባት። ባለትዳር ብዙ ቦታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይነዳል፤ ቢሆንም ስማችሁ ሁለታችሁም ውሉ ላይ መኖሩን ዓይናችሁ ይይ።

መልስ | ጎማና ራዲያተር

እኔ ስለ መኪናው ልጻፍ። ላስ ቬጋስ ጁላይ 7 ቀን 2024 ላይ 120 ፋራናይት (48.9 ሴልሺየስ) ተመዝግቦባታል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ሙቀት ቶሎ እጅ የሚሰጡት ጎማ፣ ባትሪና ኤሲ ናቸው።

ሞተሩን አስነሺና ኤሲውን መጨረሻ ቅዝቃዜ ላይ፣ አየሩን የውስጥ ዙር ላይ አድርጊ። ሻንጣ እየጫናችሁ 10 ደቂቃ ይሥራ። መኪና ማቆሚያው ጥላ ስለሆነ እዚያ እንኳ ለብ ያለ አየር ከሰጠ ሜዳ ላይ አይችልም፤ ሌላ መኪና ጠይቁ። ሞተሩ ሲነሳ እያጓተተ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፤ ባትሪን ከብርድ ይልቅ ሙቀት ነው የሚገድለው።

ጎማ ላይ ጎንበስ ብለሽ እዪ። የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2322 ካለ በ2022 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ያበጠ ወይም የተሰነጣጠቀ ካለ አትውሰዱት። ትክክለኛው የንፋስ መጠን በሹፌሩ በር ቋሚ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። በየ10 ፋራናይቱ ግፊቱ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ገደማ ስለሚጨምር ቀትር ላይ ብትለኩት ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያኔ ንፋስ ማስወጣት ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ጎማው ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ በፍጥነት ሲነዳ እየታጠፈ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። የኋላውን ወለል ገልጣችሁ ስኮርታ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ያላቸው ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ አይረዳም።

ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን ዙራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ማቆሚያው ጨለም ስለሚል የስልክ መብራት አብሩ። ቸርኬዎቹን፣ የፓራውልቱን የታች ጠርዝ፣ ጣሪያውንና በተለይ የፊት መስታወቱን አቅርባችሁ አንሱ፤ የበረሃ ጠጠር መስታወት ላይ የስንጥር አሻራ ይተዋል፣ ቀድሞ ካልተመዘገበም በእናንተ ይቆጠራል። ማይሉንና የቤንዚኑን መርፌም ፎቶ አንሡ።

ተጨማሪ ጥያቄ | ተጓዥ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ4 ዓመቱን ልጅ ወንበር ከእነሱ እንከራይ ወይስ ይዘን እንሂድ? ዴዝ ቫሊንስ በተራ ሴዳን ይቻላል?

መልስ | የበረሃ መንገድ

ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱ። የአሜሪካ አየር መንገዶች በአጠቃላይ ያለ ክፍያ ይጭኑታል፤ የኪራዩ ደግሞ በቀን ይታሰባል፣ ቀድማችሁ ብትይዙም ስትደርሱ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ኔቫዳ ውስጥ ከ6 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 57 ኢንች ያልሞላ ልጅ የልጅ ወንበር ግዴታ አለበት። የመቀመጫውን ብረት መቆለፊያ ፀሐይ ከመታው ቆዳ ያቃጥላል፤ ስታቆሙ ፎጣ ጣል አድርጉበት። ልጅን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ አይታሰብም።

ዴዝ ቫሊ በሴዳን ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የሚያያቸው ባድዋተርም አርቲስትስ ድራይቭም መንገዳቸው አስፋልት ነው። ሬስትራክና ታይተስ ካንየን ግን ጠጠር መንገድ ስለሆኑ ውሉን ያፈርሳሉ። በፓራምፕ ከተማ በኩል ከሄዳችሁ ቤንዚን እዚያ ሙሉ፤ ፓርኩ ውስጥ በጣም ይወደዳል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 1 ጋሎን ውሃ ያዙ። አብዛኛው ቦታ ኔትወርክ ስለሌለ ካርታውን ሆቴል እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። መኪናው ከተበላሸ ከመኪናው ርቃችሁ አትሂዱ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ድንገተኛ ጎርፍ አለ፤ መንገድ ላይ የሚሮጥ ውሃ ካያችሁ ተመለሱ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል።

ወደ ሎስ አንጀለስ ስትወርዱ ቬጋስ ላይ ሙሉ፤ ካሊፎርኒያ ቤንዚን ይወደዳል። ስትመለሱ መንገድ ላይ ካለችው ቤከር ከምትባል ትንሽ ከተማ በኋላ ረጅም ዳገት አለ። የሙቀት መርፌው ከመሀል ካለፈ ኤሲውን አጥፉና ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፤ ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኩ። ኔቫዳ የክፍያ መንገድ የላትም፤ ደቡብ ካሊፎርኒያ ግን አላት። ታርጋውን አንብበው ለድርጅቱ ይልካሉ፣ ድርጅቱም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ጂፒኤሱን የክፍያ መንገድ እንዲያስቀር አድርጋችሁ ንዱ።

የምትመለሱት እሑድ ከሰዓት ከሆነ የሚጨናነቀው ከቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወርደው መስመር ነው፤ የእናንተ አቅጣጫ ይሻላል። ስትመልሱ ጂፒኤሱ ላይ ኤርፖርት ብላችሁ አትጻፉ፣ ተርሚናሉ ጋ ይወስዳችኋል፤ 7135 ጊሌስፒ ጎዳና በሉት። ቤንዚን ዋርም ስፕሪንግስ መንገድ አካባቢ ሙሉና ደረሰኙን ያዙ። ቀድሞ የሚከፈለውን የቤንዚን ፓኬጅ ተዉት፤ ለተረፈው አይመልሱም። በረራው ሊነሳ 3 ሰዓት ሲቀረው ሴንተሩ ድረሱ፤ ሠራተኛው መኪናውን አይቶ የመዝጊያ ደረሰኝ ሳይሰጣችሁ ወደ አውቶቡሱ አትሂዱ።