የኮምቦልቻው ባቡር ሀራ ገበያን ይጠብቅ ወይስ ቀድሞ ሥራ ይጀምር?

ለውይይት የቀረበው ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ጋር ከሚገናኝበት ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስከምትገኘው ሀራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም በበጀት እጥረትና በጦርነቱ ጉዳት ተጓትቷል። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሥራ ይጀምር ወይስ መላው መስመር እስኪያልቅ ይጠበቅ?

የኮምቦልቻ ነጋዴ፦ ቀድሞ ይጀምር ባይ ነኝ። ደረቅ ወደቡም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት እዚሁ ነው። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ያለው ገንዘብ ሁሉ መጀመሪያ ለኃይል አቅርቦቱ ሊውል ይገባል፤ ኃይል የሌለው ሐዲድ የከብት መሻገሪያ ከመሆን አያልፍም።

የወልድያ መምህር፦ ሐጂ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የጅቡቲ ጭነት ዛሬም በሚሌና በባቲ አድርጎ በቀጥታ ኮምቦልቻ ይገባል። በባቡር ከሆነ ግን አዋሽ ድረስ ወርዶ እንደገና ወደ ሰሜን መታጠፍ ሊኖርበት ነው። መስመሩ ሲታሰብ ሀራ ገበያ ላይ ከመቀሌና ከጅቡቲው የታጁራ ወደብ ሊመጡ ከታቀዱት ሐዲዶች ጋር እንዲገናኝ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ከቆመ ግን የእኛ ነጋዴ ዕቃውን አውርዶ እንደገና መኪና ላይ ሲጭን የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የኮምቦልቻ ነጋዴ፦ ዙሩን አልክድም። ሆኖም ብረትና ስንዴን የመሰለ ከባድ ጭነት በብዛት ሲጓጓዝ፣ እያንዳንዱ ተሳቢ ለብቻው ነዳጅ እያቃጠለ የባቲን ዳገት ከሚወጣ ይልቅ መንገዱ ቢረዝምም ባቡር ሊያዋጣ ይችላል። ደግሞስ ገቢ የማያስገባ ፕሮጀክት ዕዳውን በምን ይከፍላል?

የደሴ ነርስ፦ ሁለታችሁም መንገደኛውን ረስታችሁታል። እውነት ነው፣ በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ መድረስ በጣርማ በር ከሚያልፈው አስፋልት ይረዝማል፤ ቢሆንም በጭጋግ ውስጥ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁለት ሰዓት ቢጨመርበት ቅር የሚለው አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ግመልና ከብት ነው፤ የጅቡቲው መስመር ከእንስሳት ጋር በሚደርስ ግጭት ብዙ ተቸግሯልና የከሚሴና የአፋር አርብቶ አደሮች መሻገሪያ አስቀድሞ ይታሰብበት።

የወልድያ መምህር፦ ይህ ተገቢ ነው። እኔም የኮምቦልቻውን መጀመር የምቀበለው፣ የቀሪው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በጀትና የማጠናቀቂያ ጊዜ በዚያው ውሳኔ ውስጥ በጽሑፍ ከተቀመጠ ብቻ ነው።