ክርክር፦ ምግብ ቤቶች ምናሌያቸው ላይ ካሎሪ እንዲጽፉ ይገደዱ?

አወያይ፦
የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው የጀሞዋ እህታችን ናት። ሐሳቧ አጭር ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ምግብ ቤቶች ከዋጋው አጠገብ የምግቡን ካሎሪ እንዲጽፉ በሕግ ይገደዱ ትላለች። እንዲህ ያለ ሕግ አሜሪካ ከግንቦት 2018፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2019፣ እንግሊዝ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ አላቸው (በዚህ ክርክር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እኛስ? ቦርጭ አጥፊ ሻይ ለመሸጥ የመጣ ካለ ወዲያው ይወጣል፤ ባለፈው ያየነው ይበቃናል።

የጀሞዋ፦
ላስረዳ። ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ዋናው ነገር አይጠፋውም፤ ከሚያቃጥለው ያነሰ መብላት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በቀን 500 ያህል የሚያጎድል ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ቤቴ ስሆን ዘይቱን በማንኪያ እለካለሁ፣ እንጀራውን ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ። ምሳ ግን የምበላው ቢሮ አጠገብ ነው። በያይነቱ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደገባ የምታውቀው ወጥ ሠሪዋ ብቻ ናት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ሦስት ማንኪያ ካለፈ የቀኑ ልፋቴ አብዛኛው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ገንዘብ ከፍዬ የምበላውን ማወቅ መብቴ አይደለም እንዴ?

ደግሞ «ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣ። በ2016ቱ (በፈረንጅ) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ100 ሴቶች 8ቱ ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ የአዲስ አበባው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያው ጥናት ከ100ው 22ቱ ከሲታ ነበሩ። ሁለቱም ችግር አንድ አገር ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ የማወራው ስለ ከተማው ነው።

ጋሼ ሽሮ፦
ልጄ፣ እኔ ገርጂ ትንሽ ቤት አለችኝ። ሽሮዬን ስንት ብዬ ልጻፍልሽ? የዛሬዋ ወጥ ሠሪ እጇ ከበድ ይላል፣ የነገዋ ቆጠብ ታደርጋለች። እንጀራ የማመጣው ከሦስት ሴቶች ነው፤ የአንዷ ሳሳ ያለ፣ የሌላዋ ወፍራም። ደንበኛው «እንጀራ ጨምርልን» ይላል፣ እጨምራለሁ። አራት ሆነው አንድ ትሪ ይከባሉ፤ ቁጥሩን ለአራት ላካፍለው? አንዱ ቀጭን ልጅ ሦስት ጉርሻ በልቶ እጁን ይሰበስባል፣ ወንድሙ ትሪውን ይጠርጋል። የማንን ካሎሪ ነው የምጽፈው?

ሌላም አለ። ሕጉ ሲመጣ ተቆጣጣሪው አብሮት ይመጣል። «ቁጥርህ ተሳስቷል» ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔን አታናግሩኝ።

የምግብ ሳይንስ፦
ጋሼ፣ የተቆጣጣሪውን ነገር እቀበላለሁ። ስሌቱ ግን ያን ያህል አይከብድም። ለላቦራቶሪ መክፈልም የለብዎትም። አንድ ድስት ሽሮ ውስጥ ስንት ኪሎ ዱቄትና ስንት ሊትር ዘይት እንደገባ ይመዘገባል፣ ከድስቱ ለሚወጣው ሰሃን ይካፈላል። አገራችን የራሷ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አላት። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 367 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ደግሞ ጋጋሪዎቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቁጥሩም ቁርጥ ያለ አይጠበቅበትም። አሜሪካ ውስጥ የታሸገ ምግብ እንኳ ከተጻፈበት እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ሕግ ጣሰ አይባልም።

አስፋልት ሯጭ፦
ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር! ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ውጡ፣ ደረጃውን ሩጡት፣ የፈለጋችሁትን ብሉ። አያቶቻችን ካሎሪ ቆጥረው ነው የቀጠኑት?

የምግብ ሳይንስ፦
አያቶችህ ውኃ ከምንጭ ተሸክመው ያመጡ ነበር፣ አንተ በሊፍት ትወጣለህ። ስፖርት ለልብ፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ወደር የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለውም ለዚህ ነው። ክብደት ለመቀነስ ብቻውን ሲሆን ግን ደካማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ «ዛሬማ ይገባኛል» ብሎ ሁለት ቢራ ከጠጣ መልሶ ያገኘዋል።

ደግሞ ሰው ራሱን ሲገምት በጣም ነው የሚሳሳተው። በ1992 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የታወቀ ጥናት አለ፤ «ትንሽ ነው የምበላው ግን አልቀንስም» የሚሉ ወፋፍራም ሰዎችን በትክክል ሲለኳቸው፣ የበሉትን 47 በመቶ አሳንሰው፣ የተንቀሳቀሱትን 51 በመቶ አጋነው ነው የተናገሩት። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፣ ዓይን ዘይት አይለካም። የጀሞዋን ሐሳብ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ፦
የአሜሪካው ሕግ ሲጠቀስ ሁሌ የሚረሳ ነገር አለ። የሚይዘው 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸውን ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ እኔ ያለሁበት ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት እንደ አሸን ነው፣ ሕጉ ግን አንዱንም አይመለከትም። የእንግሊዙም 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ነው። ሕጎቹ የወጡት በርገሩ በሁሉም ከተማ በግራም ተለክቶ ለሚሠራበት ቤት ነው። ጋሼ ያሉት የእጅ ነገር እዚያ የለም።

ውጤቱስ? በ2025 የወጣው የኮክሬን (የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ ያገኘው፣ 600 ካሎሪ ያለው ምግብ ላይ ቁጥር ቢጻፍ ሰው በአማካይ 11 ካሎሪ ያህል እንደሚቀንስ ነው። ሁለት የኦቾሎኒ ፍሬ ማለት ነው። ለሁለት ፍሬ ኦቾሎኒ ጋሼን ፍርድ ቤት አናቆማቸው።

የጀሞዋ፦
ነርስዬ፣ አማካይ እኮ ነው። በዚያ አማካይ ውስጥ ቁጥሩን ከነጭራሹ ያላየውም አለ፣ እንደኔ ደግሞ እየቆጠረ ያለም አለ። ሕጉ የሚጠቅመው ለሚፈልገው ነው፤ ለማይፈልገው ምን ይጎዳዋል?

ጥላ፦
ይጎዳል። ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ ግን ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ስልኳ ላይ ካሎሪ መቁጠር የጀመረችው «ፊቴ ወፈረ» ብላ ነበር። አሁን ሙዝ ለመብላት ግማሽ ሰዓት ታስባለች። ቤታችን ውስጥ ማንም አልገባውም፤ ዘመድ ሁሉ «እንዴት አማረብሽ፣ ቀጠንሽ» እያለ ሲያወድሳት ከረመ። ሐኪም ጋ የወሰድናት የወር አበባዋ ሲቆም ነው። እንግሊዝ ሕጉ ሲወጣ ከአመጋገብ መታወክ ጋር ለሚታገሉ የሚሠሩ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ በመጨረሻ ደንበኛው ከጠየቀ ቁጥር የሌለበት ምናሌ መስጠት እንዲፈቀድ ሆነ። እኛ አገር ግን ምናሌው ራሱ ግድግዳ ላይ ነው የሚጻፈው። ከግድግዳ ላይ ዓይን ማንሳት አይቻልም።

የጀሞዋ፦
ጥላዬ፣ ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ሪያድ ነኝ፦
እዚህ ቁጥሩ የሌለበት ቦታ የለም። ከብሳውም (የሩዝና የሥጋ ምግባቸው) ላይ አለ፣ ቡናውም ላይ አለ። ማዳም አይታ ትቀይራለች፣ ልጆቹ ግን ዞር ብለውም አያዩት። እኔን የጠቀመኝ መጠጥ ላይ ነው። በክሬምና በካራሜል የሚመጣው ቀዝቃዛ ቡና የአንድ ምሳ ያህል ካሎሪ እንዳለው ያወቅኩት ከቁጥሩ ነው። ምግብ መሆኑን እኮ ሆድ አያውቀውም፣ ጠጥተሽ ምሳሽን ትበያለሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ፦
ሪያድ ያለሽው ልክ ነው። ፈሳሽ ስኳር ከሁሉም የባሰ ነው። ከዚህ ክርክር ምንም ባይወጣ እንኳ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምታደርጉ አንድ አድርጉት።

ካነሳነው አይቀር፣ ቁጥሩን አይታችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ ምግብ መቀነስ የሌለባችሁ ሰዎች አላችሁ። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊበንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ምግብ ስትቀንሱ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ ስኳራችሁ በድንገት ወርዶ ትወድቃላችሁ። ይህ በጾም ወቅትም በየዓመቱ የሚታይ ነው። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ፣ ለእናንተ ጊዜው አይደለም። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከርም። በፍጥነት የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር ያገኘዋል፣ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በሳምንት በቂ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሰውነት ስለሚያንስና ቆጣቢ ስለሚሆን መቀነሱ ይዘገያል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚያ ላይ ነው፣ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። ጡንቻችሁ እንዳይሄድ ምስርና ሽንብራ አትቀንሱ፣ ብረት አንሱ።

አሽዶድ፦
እስራኤል ያለነው የምንለው አለን። ወላጆቻችን በ1984 እና በ1991 ሲመጡ ቀጫጭኖች ነበሩ፣ የስኳር በሽታም እምብዛም አያውቁም ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ስኳር ቤታችን ገባ፤ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡ፣ መቀመጡ። የሚያስገርመው ብዙዎቹ ወፍራም አልነበሩም። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» የምትሉ ተጠንቀቁ። እንግሊዞቹም በ2022 ለጥቁር አፍሪካውያን የውፍረቱን መስመር በBMI (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዘን) ከ30 ወደ 27.5 ዝቅ አድርገውታል።

ወደ ሕጉ ስመለስ፣ እዚህ ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም የሚረጋ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ይለጠፋል። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ቀዩን ግን ታየዋለች። ቁጥር ለተማረ ሰው ነው።

ጋሼ ሽሮ፦
ይሄኛው ልጅ ሰው ነው። የታሸገው ላይ ለጥፉ! ብስኩቱ፣ ለስላሳው፣ ፋብሪካው ሚዛኑም ማሽኑም አለው። ሽሮ ቤቱን ተዉት። ጁስ ቤቶቹን ግን አልከላከልም፣ አቮካዶው ላይ ስኳር ሲያፈሱበት አይቻለሁ።

አስፋልት ሯጭ፦
ጋሼ ጁስ ቤቱን ሸጠው ራሳቸው አመለጡ 😂

የጀሞዋ፦
እሺ፣ ሐሳቤን ላጥብበው። ሁሉም ምግብ ቤት አልልም። ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው የበርገር፣ የፒዛና የኬክ ቤቶች በቁጥር ይጻፉ፤ የሚሠሩት በልክ ነውና ሰበብ የላቸውም። ቁጥሩም ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሲጠየቅ በወረቀት ወይም በስልክ ይሰጥ፣ የጥላ እህት ልጅ በግድ እንዳታየው። የታሸገው ላይ ቀይ ምልክት። ለሽሮ ቤት ግን አንድ ግዴታ ብቻ፦ «ዘይት ቀንሱልኝ» ያለ ደንበኛ ይቀነስለት።

ጋሼ ሽሮ፦
የተሠራ ወጥ ላይ እንዴት ነው የምቀንሰው? ከድስቱ ላይ ልቅዳው? ተንሳፍፎ የሚታየው ከሆነ እሺ።

የምግብ ሳይንስ፦
ጋሼ፣ ከሁለት ድስት አንዱን በግማሽ ዘይት ይሥሩት። በጾም ወቅት የሚያስወፍረን እሱ ነው። ሥጋና ቅቤ ተውን ብለን ሁሉን ነገር በዘይት እንጠብሳለን፤ አብዛኛው ሰው ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዐቢይ ጾም ላይ ይቀጥናል ብሎ ይጠብቃል፣ ሱሪው ግን እንደጠበበው ጾሙን ይፈታል።

ጋሼ ሽሮ፦
ሁለት ድስት ማለት ሁለት ከሰል ነው። ደግሞ ዘይቱ ሲያንስ ደንበኛው «ጋሼ፣ ዛሬ ቆጠብክብን» ይላል እንጂ «ጤናዬን ጠበቅክልኝ» አይልም። ዋጋውን ሳልቀንስ ከገዛችሁኝ እሠራዋለሁ።

የጀሞዋ፦
እኔ በሙሉ ዋጋ እገዛለሁ። ቢሮአችን ውስጥ የሚገዙ ስድስት ሰባት ሰዎችም አመጣለሁ።

ጋሼ ሽሮ፦
እንግዲያው ረቡዕ ኑ። ሚዛኑን ግን ቤት ተዪው፣ ሌሎቹ ደንበኞች ያዩሻል።

አወያይ፦
ድምፅ መስጫው ከላይ ተሰክቷል። ሦስት ምርጫ አለው፤ ሁሉም ይጻፍ፣ ትልልቆቹ ብቻ፣ ማንም አይጻፍ። እስከ እሁድ ማታ ክፍት ነው። ነርስ፣ የግሊበንክላሚዱን ጉዳይ ለብቻው አውጥተሽ ብትጽፊልን፤ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ።