ቬኒስን ለብቻ በአንድ እሁድ፦ ከቦሎኛ ደርሶ መልስ ይበቃል?

የወሎ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቦሎኛ ነው። አንዲት አሮጊት እናት እጠብቃለሁ። እረፍቴ እሁድ ብቻ ነው፤ ማታ በ3 ሰዓት (በፈረንጅ 21፡00) ቤት መግባት አለብኝ። በሚመጣው ወር አንዱን እሁድ ለቬኒስ ልሰጥ ቆርጫለሁ። ደሴ ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን «መንገዷ ውሃ የሆነ ከተማ አለች» ካሉን ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያ ነው።

ጣሊያን ከገባሁ በኋላ ደግሞ የምጠብቃቸው እናት የቬኒስ ልጅ ሆነው ተገኙ። ያደጉት ካስቴሎ የሚባል ሰፈር ነው። ቁርስ ሳበላቸው ስለ ቪያ ጋሪባልዲ ያወሩልኛል። መንገዱ ድሮ ቦይ ነበር፣ በናፖሊዮን ጊዜ ተደፍኖ ነው እግረኛ የሚሄድበት የሆነው ይላሉ። እሱን ሳላይ መመለስ አልፈልግም። ቅዱስ ማርቆስንም መሳለም እፈልጋለሁ።

ጓደኞቼ እሁድ ሥራ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ብቻዬን ነኝ። ለሴት ልጅ ይከብዳል? ቀኑ በሰልፍ እንዳያልቅብኝ ምን ላድርግ? ጎንዶላ ካልተሳፈርኩ ይቆጨኛል? ከባቡሩ ጋር 100 ዩሮ ነው የያዝኩት።

ሚላኖ፦

ሰላም እህት። ባቡሩን ባጭሩ ልንገርሽ። የምትወርጂው ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ ነው። ሜስትሬ ሲል እንዳትወርጂ፣ እሱ ገና የብስ ላይ ነው። ከቦሎኛ በተራው ባቡር ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ፈጣኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። የወረቀት ትኬት ከያዝሽ ሳትሳፈሪ በፊት ማሽኑ ላይ ማኅተም አስመቺው።

ሌላው የመግቢያ ክፍያ ነው። ከ2024 ጀምሮ ለቀን ጎብኚ በተመረጡ ቀናት ያስከፍላሉ፤ በተለይ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች። ቀደም ብሎ ለመዘገበ 5 ዩሮ ነበር፣ በመጨረሻው ሰዓት ለመጣ 10። የምትሄጂበት ቀን ከተመረጡት ከሆነ በስልክሽ ከፍለሽ ኮዱን ያዢ።

ፓዶቫ ነኝ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፓዶቫ ስለምኖር እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ቬኒስ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ከቦሎኛ ከተነሳሽ ቀኑ ይበቃሻል።

ከጣቢያው እንደወጣሽ ቦዩ ፊት ለፊትሽ ነው። ቁጥር 1 ጀልባ ላይ ውጪ። የአንድ ጉዞ ትኬት 9 ዩሮ ከ50 ነው፣ የሙሉ ቀኑ 25። የቀኑን ግዢ፣ ማታ ደክሞሽ ስትመለሺ ታመሰግኚኛለሽ። ቁጥር 1 በየፌርማታው ስለሚቆም ቀርፋፋ ነው፤ ለአንቺ ግን የሚሻለው እሱ ነው። ውስጥ አትቀመጪ፣ ደጅ ቁሚ። የቤቶቹን በር ልብ ብለሽ እዪ። ደረጃው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ታችኞቹ ደረጃዎች አረንጓዴ ሽበት አብቅለዋል። ያ ሁሉ ድንጋይ ጭቃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው የቆመው። አየር ስለማያገኘው እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም። ጎንዶላ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው፤ ተዪው፣ ምንም አይቀርብሽም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሳን ማርኮ (የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ) ስትደርሺ ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ፣ ከአደባባዩ ማዶ ኮረር ሙዚየም አለ። በዚያ በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ትገቢያለሽ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ወደ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ክብ ነው። ደቡብ ከላይ ነው የተሳለው፣ ስለዚህ አገራችንን የምትፈልጊያት ወደ ላይ አንጋጠሽ ነው። ስለ ሐበሻ የነገሩት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት እንደሆኑ፣ አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን በገዛ እጃቸው እንደሳሉለት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ስማቸውን ግን አልጻፈም። እኔ አባይን በዓይኔ እየተከተልኩ ስወርድ ስለነዚያ ሰዎች ማሰብ አልተውኩም። በእግር፣ በበረሃና በመርከብ አድርገው መጥተው የአገራቸውን ወንዝ ለባዕድ መነኩሴ ስለው ሰጡ። እነሱ ባይመጡ ኖሮ ያ የካርታው ክፍል ባዶ ይሆን ነበር። ብዙ ሐበሻ በዚያ በር አልፎ ርግብ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፣ ይህ ያሳዝነኛል። ትኬቱ 30 ዩሮ ገደማ ነው፣ ቀደም ብለሽ ከገዛሽ ይቀንሳል። የድሮውን የቬኒስ ገዢ፣ የመስፍኑን ቤተ መንግሥትም ያስገባል፤ ጊዜ ካጠረሽ ግን ቤተ መንግሥቱን ዝለዪ።

ቅዱስ ማርቆስ እሁድ ለጎብኚ የሚከፈተው ከቀኑ 8 ሰዓት (14፡00) ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ነጠላሽን ያዢ። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም። የቅዱሱ አጽም እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ያመጡት ነው ይባላል። ከሱ ከፍሎ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በዚያው ጊዜ የካይሮው ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም ነበሩ። ሰልፉ ከረዘመብሽ በውጭ በኩል በስተግራ መጨረሻ ካለው በር በላይ ቀና በዪ። አጽሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ የሚያሳየው የ13ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክ እዚያ አለ። በነጻ ነው።

የሜስትሬው፦

የፓዶቫዋ እህት ጥሩ ብላለች፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እኔ እዚያው ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። እሁድ ረፋድ ላይ ቁጥር 1 በጣም ስለሚጨናነቅ ደጅ መቆሚያ ላታገኚ ትችያለሽ። ጠዋት በእግርሽ ሂጂ። ካናሬጆ በሚባለው ሰፈር በኩል እስከ ሪያልቶ ድልድይ ቀስ ብለሽ 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ግድግዳው ላይ «ፔር ሪያልቶ»፣ «ፔር ሳን ማርኮ» የሚሉ ቢጫ ምልክቶች አሉ፤ «ፔር» ማለት «ወደ» ነው። ጀልባውን ለመመለሻ አድርጊው።

ብቻሽን መሆንሽ አያስፈራሽ። መኪና የለ፣ ሞተር የለ። ኪስሽን ብቻ ጠብቂ፣ በተለይ ሪያልቶ ድልድይ ላይ። መንገድ ቢጠፋሽም ደሴት ነው፣ ሄደሽ ሄደሽ ውሃ ታገኛለሽ።

ከሳን ማርኮ ቪያ ጋሪባልዲ ውሃውን በቀኝ አድርገሽ ወደ 20 ደቂቃ ነው። እሁድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ደጅ ይወጣል። ልብሳቸውን ከመስኮት መስኮት በገመድ አስጥተው ታያለሽ። ማኪያቶ ከፈለግሽ እዚያ ጠጪ፣ ባንኮኒው ጋ ቆመሽ። ሳን ማርኮ አደባባይ ሙዚቃ ያለበት ቦታ ከተቀመጥሽ ለሙዚቃውም ትከፍያለሽ።

የወሎ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስለ ካርታው ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። በእግር ሄጄ በጀልባ እመለሳለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ቀኑ ጾም ላይ ከወደቀ ምን ይበላል? ከካስቴሎስ በስንት ሰዓት ልነሳ?

ፓዶቫ ነኝ፦

ፖሌንታ፣ የተጠበሰ አትክልትና ባቄላ በየመጠጥ ቤቱ አለ፤ ቅቤ እንዳለበት ጠይቂ። ዳቦና ቆሎ ብትይዢም ጥሩ ነው፣ ግን ሳን ማርኮ ላይ ተቀምጦ መብላት ያስቀጣል። ውሃ አትግዢ፣ በየአደባባዩ የሚጠጣ ቧንቧ አለ።

ከቪያ ጋሪባልዲ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺ። ፌርማታው አርሴናሌ ነው፣ ከመንገዱ መግቢያ አጠገብ። እስከ ባቡር ጣቢያው ቁጥር 1 አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የ12 ሰዓቱን ባቡር ከያዝሽ ሳይመሽብሽ ትገቢያለሽ። ለእናታችንም የሰፈራቸውን ፎቶ አንሺላቸው፤ ያደጉበትን ቤት ቁጥር ጠይቀሽ ሂጂ። እዚያ ቁጥሩ የሚቆጠረው በመንገድ ሳይሆን በክፍለ ከተማ ስለሆነ አራት አኃዝ ሊሆን ይችላል። የመንገዱንም ስም አብረሽ ጻፊ።