ማሲንቆና ክራር ለመቅረጽ በ150 ዶላር የትኛው የእጅ ሪከርደር ይሻላል?

ባለክራሩ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኔ ክራር ነው የምጫወተው፤ ጥያቄዬ ግን በዋናነት ስለ አጎቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለው ይኖራሉ፣ ማሲንቆ ይመታሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ እጃቸው ግን አሁንም ልዩ ነው። ባለፈው በስልኬ ቀርጫቸው አዲስ አበባ ተመልሼ ስሰማው በጣም አዘንኩ። ደጋኑን ረዘም አድርገው ሲስቡት ድምፁ መሃል ላይ እየሰመጠ ይሄዳል። ስንኝ ሊያወርዱ ትንሽ ዝም ሲሉ ደግሞ የዶሮው ጩኸትና የሰው ኮቴ ድንገት ጎልቶ ይመጣል። አምባሰል ሲጫወቱ ጣታቸውን የሚያንሸራትቱባት አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን ለመማር ብዬ ነበር የቀረጽኳቸው፣ እሷው ጠፍታለች።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች፣ ይዤልህ እመጣለሁ ብላኛለች። ያለኝ 150 ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ አልችልም። ዓይኔን የጣልኩባቸው ዙም ኤች1ኤን፣ ዙም ኤች1 ኢሴንሻል እና ታስካም ዲአር-05ኤክስ ናቸው። እዚህ ከተማ ደግሞ ለጋዜጠኛ የሚሸጡ ትንንሽ የድምፅ መቅረጫዎች አሉ፣ ዋጋቸው ረከስ ይላል፣ እነሱ ይበቁኝ ይሆን? አጎቴ ቤት መብራት ስለሌለ በባትሪ ድንጋይ መሥራት አለበት። ሌላ ጊዜ የራሴን ክራርና የባንዳችንን ልምምድም እቀርጽበታለሁ። የተጠቀመባቸው ሰው ካለ እባካችሁ።

የድምፅ ልጅ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልክህ ምን እንዳደረገህ ልንገርህ፣ ምርጫውም ከዚያ ነው የሚነሳው። የስልክ ማይክ የተሠራው ለወሬ ነው። ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ድምፅ ሲሰማ የማራገቢያ ወይም የመኪና ሞተር ይመስለውና ሊያጠፋው ይሞክራል፤ የማሲንቆ ሕይወቱ ደግሞ ያ ረጅም ድምፅ ነው። ዝምታ ሲያገኝ በራሱ ፈቃድ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ ዶሮው ጎልቶ የመጣው በዚህ ነው። የጋዜጠኛ መቅረጫ የሚባለውም አብዛኛው እንደዚሁ ንግግር እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። ረክሷል ብለህ ገንዘብህን እዚያ ላይ አትጣል።

የጠራሃቸው ሦስቱ ግን ለሙዚቃ የተሠሩ ናቸው፣ ሦስቱም 100 ዶላር አካባቢ ናቸው። የመጀመሪያው ልዩነታቸው ማይካቸው ነው። የታስካሙ ማይኮች ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማሉ። ወፍራሙን ድምፅ ሞላ አድርገው ይይዛሉ፣ ከበሮ ካለ በጣም ያምራል፣ ግን ከጀርባ ያለውን ዶሮም ልክ እንደ አጎትህ አክብረው ይሰሙታል። የዙሞቹ ሁለት ማይኮች በ90 ዲግሪ ተሻግረው ወደ ፊት ነው የሚያዩት፣ ፊታቸው ያለውን ያስቀድማሉ። ግቢ ውስጥ ሰውና ከብት በሚመላለስበት ቤት እኔ ዙሞቹን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ልዩነት መጠን ማስተካከሉ ነው። ኤች1ኤን ፊቱ ላይ ከ0 እስከ 10 የተጻፈበት ትልቅ መዘውር አለው፣ መጠኑን በጣትህ ነው የምትወስነው። ብዙ ከከፈትከው ድምፁ አናቱ ይቆረጥና ይሰነጠቃል፣ የተቆረጠ ደግሞ በኋላ በምንም አይመለስም። በ2024 የወጣው ኤች1 ኢሴንሻል ግን ይህ መዘውር ጭራሽ የለውም። 32 ቢት ፍሎት በሚባል መንገድ ስለሚቀርጽ ዝግ ያለውንም የጮኸውንም አንድ ላይ ይይዘዋል፣ ቤትህ ገብተህ ኮምፒውተር ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርገዋለህ። አጎትህ በለሆሳስ ጀምረው ድንገት ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ከሆነና አንድ ጊዜ ብቻ የመቅረጽ ዕድል ካለህ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ተአምር አድርገህ አትየው። ማይኩ ራሱ የሚችለው እስከ 120 ዴሲቤል ነው። ሰርግ ቤት ስፒከር አፍ ላይ ብታስቀምጠው ማይኩ ላይ ይሰነጠቃል፣ 32 ቢቱ አያድንህም። ሌላው፣ የሚቀርጸው በዋቭ፣ ማለት ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል ብቻ ነው፣ ፋይሉም ትልቅ ነው፣ በሰዓት ወደ 1.4 ጊጋባይት ይሆናል። አንዳንድ ስልክም ፋይሉን አይከፍተውም። ኮምፒውተር ከሌለህ ኤች1ኤን ወይም ታስካሙ ይሻልሃል፣ እነሱ ተጨምቆ በሚያንሰው በኤምፒ3ም ይቀርጻሉ። እነሱን ከገዛህም ግን ለአጎትህ በኤምፒ3 አትቅረጽ፣ 24 ቢት ዋቭ አድርገው።

ባለኪቦርድ፦

እኔ ትንሽ ጨምረህ ግዛ ነው የምልህ። ለባንድም እፈልገዋለሁ ካልክ ውጫዊ ማይክ የሚሰካበት ያስፈልግሃል። ዙም ኤች4 ኢሴንሻል ሁለት የትልቁ ማይክ መሰኪያ አለው፣ 200 ዶላር አካባቢ ነው። ዘፋኙን በአንድ ማይክ፣ ክራሩን በሌላው ታስገባለህ፣ በኋላ ለየብቻ ታስተካክላቸዋለህ። ትንሹን ገዝቶ ከስድስት ወር በኋላ ትልቁን የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

የድምፅ ልጅ፦

ለባንዱ ልክ ነህ ባለኪቦርድ። ግን ማይኩም ገመዱም ማቆሚያውም ሲቆጠር 200 ላይ አይቆምም፣ ልጁ ደግሞ 150 ነው ያለው። አጎቱም ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ፊት ነው እንደልባቸው የሚጫወቱት፣ ገመድና ስታንድ ሲተከል ሰው ይደነግጣል። ለባንዱ መላ አለው፤ ሚክሰር ካላችሁ ከሚክሰሩ መውጫ በቀጭኗ የ3.5 መሰኪያ ወደ ሪከርደሩ ማስገባት ይቻላል፣ ኤች1ኤንም ኢሴንሻሉም ይቀበላሉ።

የበገና ተማሪ፦

ሰላም ባለክራሩ። እኔ በገና የምማር ነኝ፣ የመምህሬን ትምህርት በኤች1ኤን ነው የምቀርጸው። ስለ ዕቃው ብዙ ተብሏል፣ እኔ ስለ ቦታው ልንገርህ፣ ምክንያቱም የኔን ድምፅ የለወጠው ቦታው ነው።

በገና እንደምታውቀው ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ እንዝራው (ከጅማቱ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ) የሚሰጠው ያ ንዝረት ከሌለ ደግሞ በገና አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ሜትር ርቄ መዘውሩን እስከ 9 ከፍቼ ቀረጽኩ፤ ሲሰማ ከሥሩ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። በዚህ ዋጋ ያሉ ሪከርደሮች ይህ ሹሹታ አላቸው፣ መጠኑን በከፈትክ ቁጥር ይጨምራል። አሁን ከ60 ሳንቲሜትር አይበልጥም የማርቀው፣ መዘውሩን ወደ 5 አወረድኩት፣ ሹሹታው ጠፋ። ማሲንቆ ከበገና ስለሚጮህ አንተ አንድ ሜትር ያህል ብትርቅ ይበቃሃል። ከፍታውን ከአፋቸውና ከማሲንቆው ቆዳ መካከል አድርገው። ወደ ቆዳው ካስጠጋኸው የደጋኑ ፍትጊያ ግጥሙን ይውጠዋል፣ ወደ አፋቸው ካስጠጋኸው ደግሞ ማሲንቆው ሩቅ ይሆናል።

በእጅህ ይዘህ አትቅረጽ። ላስቲኩ ላይ ጣትህ ሲንቀሳቀስ እንደ ነጎድጓድ ነው የሚሰማው። ከጀርባው የካሜራ ማቆሚያ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ማቆሚያ ከሌለህ በርጩማ ላይ ጋቢ አጥፈህ እሱ ላይ አስቀምጠው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው እግራቸው መሬቱን ሲመታ ሁሉ ይገባል። ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያም አጥፋው፣ ለንፋስ ካልሆነ በቀር አያስፈልግህም።

አንድ ያቃጠለኝን ነገር ደግሞ ልንገርህ። ከዚህ በፊት ከሰው የተዋስኩት ሪከርደር ነበር፤ ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫነው መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይዘጋጃል እንጂ አይቀርጽም፣ ሁለተኛ መጫን አለብህ። እኔ አላወቅኩም። መምህሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ደረደሩ፣ ካርዱ ላይ ምንም የለም። ያን ቀን የደረደሩትን መዝሙር እንደዚያ አድርገው ደግመውት አያውቁም። ስለዚህ ቀይ መብራቱን ብቻ አትመን፣ የሰዓቱ ቁጥር እየሮጠ መሆኑን እይ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ዕቃውን የምታመጣው እህታችን ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሜሞሪ ካርድ ለብቻ ነው የሚገዛው፣ ጠይቃ ካላረጋገጠች ባዶውን ይዛ ትመጣለች። ካርዱን ከታወቀ መደብር ትግዛ። እኔ አንድ ጊዜ በርካሽ ያገኘሁት ካርድ ላዩ ላይ 64 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 እንኳን አልነበረም፣ ሲሞላ የድሮውን ፋይል እያበላሸ ይቀጥል ነበር። የልጄ ልደት ላይ የተዘፈነው ሁሉ እንዲህ ነው የጠፋብኝ። ኤች1ኤን ከሆነ ምርጫችሁ እስከ 32 ጊጋ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ እሱም በ24 ቢት ወደ 30 ሰዓት ይይዛል፣ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ጸጉራሙ የንፋስ መከላከያ ነው። ስፖንጁ ለትንፋሽ ይሆናል፣ ለደብረ ብርሃን ንፋስ ግን ጸጉራሙ ነው የሚያስፈልገው፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ድንጋዩን በተመለከተ ደግሞ ታስካሙ የሚበላው የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ሁለት ነው፣ የትም ሱቅ ይገኛል፣ ከ15 ሰዓት በላይም ይሄዳል። ዙሞቹ ቀጭኑን፣ የሪሞቱን ድንጋይ ሁለት ይበላሉ፣ ወደ 10 ሰዓት ይሠራሉ። ቀጭኑ ገጠር ላይ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ ከዚሁ አልካላይን ስምንት ያህል ትያዝ። ፓወር ባንክ ካለህም ሦስቱም በዩኤስቢ ይሠራሉ፣ ኢሴንሻሉ እንደ አዳዲስ ስልኮች በዩኤስቢ-ሲ ነው፣ ሌሎቹ የድሮውን ገመድ ነው የሚፈልጉት።

ባለክራሩ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ምክር አልጠበቅኩም። ላፕቶፕ ስላለኝ ኢሴንሻሉን ይዛልኝ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፣ ካርዱን፣ ጸጉራሙንና ድንጋዩን ጨምሮ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ቤት ውስጥ ይሻላል ወይስ በረንዳ? ሳሎኑ ቆርቆሮ ነው፣ ጓሮ ደግሞ የሣር ጎጆ አለ።

የድምፅ ልጅ፦

ጎጆው! ሣሩና ጭቃው ድምፁን ይውጡታል፣ አያስተጋባም። ሳሎን ከሆነ ግድ የሆነው፣ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁም፣ መጋረጃውንም ዝጋ።

ባለክራሩ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ከገና ተመለስኩ። ጎጆው ውስጥ ገባን፣ በርጩማ ላይ ጋቢ አጥፌ አስቀመጥኩት፣ አንድ ሜትር ያህል። አጎቴ ደጋኑን ዕጣን አሹት፣ እኔ የሚሮጠውን ቁጥር አየሁ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። አርባ ደቂቃ ተጫወቱ። በኢርፎን ሳሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ሦስተኛው ላይ ጭራው ላልቷል፣ ይህን ለሰው አታሰማ፣ እንደገና አድርገው» አሉኝ። አሰሩትና እንደገና መቱት። በሁለተኛው ላይ አምባሰሏ ቁልጭ ብላ ተሰምታለች፤ የምታንሸራትተው ሌባ ጣታቸው አይደለችም፣ የቀለበት ጣታቸው ናት፣ ለዚህ ነው በክራር ስሞክራት እምቢ ስትለኝ የከረመችው። ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጬዋለሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፣ ሁለተኛውን ብቻ ፈቅደዋል፣ ዛሬ ማታ እለጥፍላችኋለሁ።